ስለ መልካም የታንኳ ባልንጀራ

ሰው ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ዘመድ ያማክራል፥ ሽማግሌ ይልካል፤ ለልጁ የክርስትና አባት ሲፈልግም ጠባይን መርምሮ ነው። ዓሣ ለማጥመድ አብሮት ውኃ ላይ የሚወጣውን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ እንዳገኘው ይይዛል። ዳሩ ግን በጣና ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለዚሁ ባልንጀራው ነውና፥ ስለዚህ ነገር ያየሁትንና የሰማሁትን ለአንባቢዎች ባጭሩ ላመለክት ወደድሁ።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋራ ከሳንቃ የተሠራች ታንኳ በእኩል ድርሻ ይዘናል። ማታ መረብ እንጥላለን፥ ጎሕ ሲቀድ እናነሣለን፤ ከዚያም እርሱ ወደ ገበያው፥ እኔ ወደ መዝገቤ እንሄዳለን። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ።

በቀድሞ ዘመን በጣና የባልንጀራ ነገር እንደ ዛሬ የከበደ አልነበረም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ማጥመድ ይችል ነበር፤ ዛሬም የሚችል አለ። ነገር ግን በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባለ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ ወዲህ፥ ሥራው ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሆነ። አንዱ ታንኳዋን ሲያቀና ሁለተኛው መረቡን ይስባል። የሚስበው ሰው ጀርባውን ለባልንጀራው ሰጥቶ ወደ ውኃው ስለሚያጎነብስ፥ ሌላው ቢዘናጋ የሚወድቀው እርሱ ነው።

ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ጧት ጸጥ ብሎ የዋለው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ፈጥኖ ይናወጣል። እኛ መረብ ለመጣል የምንወጣው ደግሞ ወደ ማታ ነው።

ከዚህ የተነሣ የመልካም ባልንጀራ መጀመሪያው ምልክት ጕልበት ወይም የመቅዘፍ ብልኃት አይመስለኝም። ከሁለቱ አንዱ «እንመለስ» ባለ ጊዜ፥ ሁለተኛው ሳይከራከር ታንኳዋን ማዞሩ ነው። «እንሂድ» ለማለት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «እንመለስ» ለማለት ግን የአንዱ ይበቃል። ነፋሱ ኋላ መልሶ ቢተኛ እንኳ «አላልሁህም ነበርን?» ብሎ ባልንጀራውን የሚያሳፍር ሰው፥ በሚቀጥለው ጊዜ የፈራውን ሰው አፉን ይዘጋዋል። አፉ የተዘጋ ሰው ደግሞ በታንኳ ላይ አደገኛ ነው።

በአንድ ዐቢይ ጾም፥ ዓሣ እጅግ በሚፈለግበት ወራት፥ መረባችንን ጥለን ሳንጨርስ ነፋስ ተነሣ። እኔም «አያ፥ እንመለስ» አልሁት። እኔ ደመወዝ አለኝ፤ እርሱ ግን ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ መረብ ነው። አንድ ቃል ሳይመልስ አዞራት። በማግሥቱ ስንሄድ ማዕበሉ ከመረቡ እኩሌታውን ወስዶት፥ የቀረውም ተበጣጥሶ አገኘነው። የአዲሱን መረብ ዋጋ ከደመወዜ ልክፈል ብለው እምቢ አለኝ፤ «ወንድሜ፥ እኩል ነው ያልነው ለትርፍ ብቻ ነውን?» አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ባልንጀሮች ለርዳታ የተጠሩት ዓሣ ስለ በዛ ነበር፤ እኔ ግን ባልንጀራዬን ያወቅሁት አንድም ዓሣ ባላገኘንበት ሌሊት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሰው በማያይበት የሚያደርገው ነገር ነው። ነጭ ዓሣ በክረምቱ ማብቂያ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የከርሞውን ዘር ግን ያጠፋል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ነገር ግን በየወንዙ አፍ ሌሊት ዘበኛ አይቆምም። «ማን ያየናል?» የሚል ባልንጀራ፥ ነገ ዓሣውን ሲቈጥር ለአንተም እንዲሁ ያደርግብሃል።

ሦስተኛው ነገር ጽሕፈት ነው። በሥራዬ ምክንያት አንድ የታንኳ ክርክር ሲሰማ ቃል ጽፌአለሁ። ሁለት ወዳጆች ያለ ውል ታንኳ ገዝተው፥ ኋላ አንዱ «ሞተሩ የኔ ነው» ብሎ ተካሰሱ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ውል ከሌለ የጋራ ባለ ንብረቶች ድርሻ እኩል ነው ብሎ ይገምታል፤ ስለዚህ ታንኳዋ ተሸጣ ገንዘቡ ተከፈለ። ወዳጅነታቸውን ግን የሚመልስ ዳኛ አልተገኘም። እኛ ግን የታንኳዋን ድርሻ፥ የማደሻውን ወጪ፥ የዓሣውን አከፋፈል፥ ከሁለታችን አንዱ ቢሞት ድርሻው ለሚስቱና ለልጆቹ እንዲሆን በአንድ ወረቀት ጽፈን፥ በምስክር ፊት ፈርመናል። ይህን ማድረግ አለመተማመን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለባልንጀራ ቤተ ሰብ ማሰብ ነው እላለሁ።

በዚህ ነገር የሚስት ምክር አይናቅ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ባለቤቴ ባልንጀራዬን ምሳ ጋብዛ፥ «ከዚህ በፊት አብሮዎት ይሠራ የነበረው ሰው ማን ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ከዚያም የዚያን ሰው ሚስት ፈልጋ አነጋገረች። ሴትዮዋም «ባሌ በታመመ ጊዜ ለ2 ወር ድርሻውን ሳያጓድል አምጥቶልናል» አለቻት። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገንም። ባል በውኃ ላይ ሲዘገይ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሚስት ናትና፥ ከማን ጋራ እንደሚወጣ ማወቅ ይገባታል።

እንግዲህ ባልንጀራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ሰው ሲፈራ ይታገሣልን? ሳይታይ በትክክል ይቈጥራልን? ባልንጀራው ቢታመም ለልጆቹ ድርሻቸውን ያደርሳልን? ይህን የሚያደርግ ሰው በጣና ዳር ባልንጀራ ፈልጎ ብዙ አይደክምም፤ ሌሎች እርሱን ሊፈልጉ ወደ ቤቱ ይመጣሉ።