ከዳባት እስከ ድብ ባሕር፦ ለልጄ ድምፅ ፍለጋ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። እኛ የተጓዝነው ዘመድ ለመጠየቅና ጭላዳ ለማየት ነበር። ሻንጣችን ውስጥ ግን ሌላ ጉዳይ ይዘናል። የስምንት ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፤ የሚነገራትን ሁሉ ትረዳለች፣ ቃል ግን አይወጣላትም። አንዱን መርጠን ለመግዛት፣ ሁለት የሚናገሩ መሣሪያዎች ለሙከራ ተውሰናል።

አንደኛው የሥዕል መተግበሪያ የተጫነበት ታብሌት ነው። ሥዕሉ ሲነካ ቃሉን ይናገራል፤ ብዙ ሺህ ቃላትም ይይዛል። የእኛው የሚናገረው ግን እንግሊዝኛ ነው። በኮምፒውተር የተሠሩ የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ለምሳሌ የማይክሮሶፍቶቹ መቅደስና አምሃ። ሆኖም ሁለቱም የአዋቂ ድምፅ ናቸው፤ የሚሠሩትም በኢንተርኔት ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ጎቶክ 9 ፕላስ ይባላል። በተራ ባትሪ ይሠራል። በ9 ቁልፎቹ ላይ የሰው ድምፅ ይቀዳል፤ የሥዕል ወረቀቱንና ደረጃውን 5 ጊዜ በመቀያየር 45 መልእክት ይይዛል። 3 የማይቀየሩ ቁልፎችም አሉት።

ዳባት አያቷ ቤት አደርን። እማማ መሣሪያውን አገላብጠው አዩና፣ «ይኼ እያወራላት እሷ መናገሩን ትተወው የለም እንዴ?» አሉ። ብዙ ወላጅ ይህን ይፈራል። የተደረጉ ጥናቶች ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ንግግርን እንደሚያስቀር አላሳዩም፤ እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ተጨማሪ ድምፅ ማውጣት ይጀምራሉ።

ድምፁን የቀዳችልን እኩያዋ የሆነችው የአክስቷ ልጅ ናት። እኔ «ውኃ»፣ «ራበኝ»፣ «ሽንቴ መጣ» የሚሉትን አዘጋጅቼ ነበር። ትንሿ ቀጂ ዝርዝሩን ሰምታ፣ «‹ተዉኝ› የሚለውስ? ‹ነይ እንጫወት›ስ?» አለችኝ። አፈርኩ። ልጄን የምትለምን እንጂ የምትጫወትና የምትቆጣ አድርጌ አላሰብኳትም ነበር። በማይቀየሩት ቁልፎች ላይ «ሌላ»፣ «እዩት!» እና «እኔን ጠይቁኝ» የሚሉትን ቀዳን።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መብራት ሄዶ ስላደረ ታብሌቱ ጠዋት ባትሪ አልነበረውም። መኪና ውስጥ ቻርጅ ብናደርገውም የሱፍ ጓንት ያጠለቀች ጣት አይሰማም። ቁልፎቹ ግን በጓንትም ይጫናሉ።

ከደባርቅ ወጥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ፀሐዩ የታብሌቱን መስታወት አንጸባረቀው፤ በየኩርባውም ጣቷ ያላሰበችው ሥዕል ላይ ያርፍ ነበር። ድንገት ከኋላ «እዩት!» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማን። መኪናውን አቆምን። ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። ከሁላችን ቀድማ ያየችው እሷ ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር ስትነግረን የመጀመሪያዋ ነው።

ድብ ባሕር ስንወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ተቀበለን። ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ወደ እኔ ዞራ፣ «እሷስ ምን ትጠጣለች?» አለች። ልጄ እጇን ቀስ ብላ አነሳች፤ ጊዜ ወሰደባት። «እኔን ጠይቁኝ።» ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ጎንበስ አለችላት፤ «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ሻይ ላምጣልሽ?» «ሌላ» አለች ልጄ፤ በዓይኗም ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሚሪንዳ አሳየች።

ለአሁኑ ባለቁልፉን መረጥን። 48 መልእክት ለአንድ ሕይወት እንደማይበቃ እናውቃለን፤ ስለዚህ ታብሌቱንም ቤት ውስጥ ትለማመድበታለች፤ ጣቷ እንዳይስት ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ እናደርግለታለን። እናንተም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከተቻለ በመጀመሪያ ተዋሱ፤ ከንግግር ባለሙያ ጋር ተማከሩ፤ መሣሪያውን ልጃችሁ በሚውልበት ቦታ፣ በፀሐይም በብርድም ሞክሩት። ቃላቱን ስትመርጡ እኩዮቹን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ፣ እጁ ቁልፉ ላይ እስኪደርስ ታገሡ። ድብ ባሕር ላይ ያች አስተናጋጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው።