የእንጀራ ዐይን በገዳሪፍ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ትቶ የገንዳ ውኃን ቆላ ካቋረጠ በኋላ መተማ ዮሐንስ ያደርሳል። ከዚያ አንዲት አነስተኛ ድልድይ ተሻግሮ ጋላባት ነው። ይህ ስፍራ ለወታደር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት መተማ ላይ ሲሆን፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን ከኢጣልያኖች ለማስለቀቅ የተዋጋው በዚሁ ሥፍራ ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን ግን የጦርነት ታሪክ አይደለም። ከጋላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በገዳሪፍ ከተማ እውነተኛ የአገር ቤት እንጀራ ይገኝ እንደሆነ መመርመር ነው።

ይህ ተራ የሆድ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም አንድ ምግብ ከተወለደበት አገር ሲርቅ ራሱን ሆኖ ይቀራል ወይ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሊዝበን ከተማ በቤሌም ሰፈር የሚጋገረው የፖርቱጋሎች የእንቁላል ኬክ በሩቅ ምሥራቅ፣ በማካው፣ ዝናው የገነነው እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ እንግሊዛዊ ዳቦ ጋጋሪ በአገሩ ልማድ አሻሽሎ ከሸጠው በኋላ ነው። እንግዲህ እውነተኛው የትኛው ነው? የጥንቱ ወይስ ስደተኛው? እኛም ይህንኑ ስለ እንጀራ እንጠይቃለን።

ገዳሪፍ የእህል አገር ናት። ዙሪያዋን የከበበው ጥቁር መረሬ ሜዳ የሚያበቅለው ማሽላና ሰሊጥ ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዞች ለጦራቸው ቀለብ ሲሹ ነበር። ጤፍ ግን የዚያ ሜዳ ሰብል አይደለም። በገዳሪፍ ጤፍ የሚመኝ ሰው ከወሰን ማዶ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ሲመጣም ዋጋው ከማሽላ ጋር አይወዳደርም።

ሱዳኖች የራሳቸው ኪስራ አላቸው። የማሽላ ዱቄት በውኃ ተለውሶ ይቦካል፤ በጋለ ምጣድ ላይ ፈስሶ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይዳመጣል፤ ሙላህ ከሚሉት ወጥ ጋርም ይበላል። ኮምጣጣነቱ የእንጀራን ዝምድና ይመሰክራል። ዐይን ግን የለውም። ከአገሩ የወጣ ሰው ኪስራ ሲቀርብለት በደስታ እጁን ይዘረጋል፤ ከቆረሰ በኋላ ግን የእኅቱን ልጅ አግኝቶ እኅቱን እንዳጣ ሰው ይሆናል።

ወደዚያ ምድር የተሻገሩት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል፤ በአማርኛችን እንጀራ ፍለጋ ወጣ የምንለው ይህንን ነው። እንጀራ ፍለጋ የወጣው ሰው እዚያ ሲደርስ የናፈቀው ራሱ እንጀራው ነው። ሌሎች ደግሞ በመከራ ተሰደዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው በኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር፤ ከነዚህም መካከል ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ይገኙባቸዋል፤ በመንገድና በመጠለያው ያለቁትም ብዙ ናቸው። ኡም ራኩባ ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ፣ በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ተከዜን ተሻግረው ለመጡ አሥር ሺዎች እንደገና ተከፈተ።

ቤቱን በሌሊት ጥሎ የሚወጣ ሰው የሸክላ ምጣድ ተሸክሞ አይወጣም። ለስደተኛው የሚሰፈረውም ማሽላ ነው። እንግዲህ የአንዲት እናት ሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩስ ሳለ መልካም ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። በደጋ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀው ሊጥ በቆላው ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ በደጋው ቀን ቆጠራ መሄድ አያዋጣም፤ ሊጡን ማሽተትና ማየት ያስፈልጋል። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውኃ አብስሎ መመለስ፣ ማለትም አብሲት መጣል፣ ለማሽላ ከጤፍ ይበልጥ የሚያስፈልግ ነው፤ ዐይኑ እንዲወጣና ገላው እንዲለሰልስ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ጥቂት የጤፍ ዱቄት የተገኘ እንደሆነ መቀላቀሉ ይረዳል። ምጣዱንም በጎመን ዘር አስሶ በልኩ ማጋል ይገባል።

ታዲያ ይህ እውነተኛ እንጀራ ነው? አይደለም የሚል ደገኛ፣ ወደ ወሎ ቆላ፣ ወደ ሐረርጌ ወይም ወደ ሑመራ ቢወርድ የማሽላ እንጀራ በልቶ ያደገ ወገኑን ያገኛል። እርሱን እንጀራህ እንጀራ አይደለም ሊለው ይችላልን? ጤፍ ጤፍ ነው፤ ጣዕሙንና ልስላሴውን የሚተካ እህል የለም። ነገር ግን እንጀራን እንጀራ ያደረገው የእህሉ ስም ብቻ አይደለም፤ እርሾው፣ አብሲቱ፣ ከሁሉም በላይ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው የእጅ ልክ ነው። ምጣድ ይሰበራል፣ ጤፍ ያልቃል፤ ይህ የእጅ ልክ ግን ወንዝ ይሻገራል።

ነገሩ የተገለባበጠበትም ጊዜ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በምዕራብ ጎንደር በኩመር መጠለያም ሰፈሩ። ኪስራ የናፈቃቸው አሁን እነርሱ ሆኑ። በገዳሪፍ እንጀራ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ደግነቱ ጀበናው በሁለቱም አገር ጀበና ነው፤ ሱዳኖች በቡናቸው ዝንጅብል ቢያበዙም ስሙ አልተለወጠም፣ እንግዳ ተቀባይነቱም አንድ ነው።

በሩቅ ጠረፍ የምትኖሩ እኅቶቻችን ሆይ! የምታገኙት እህል የለመዳችሁት ባይሆን ሙያችሁ አነሰ ማለት አይደለም። የእርሾውን ዕቃ አታጥቡት፤ ጥቂት አስቀሩበት። ለዘማች ባለቤታችሁ ድርቆሽ ስታዘጋጁ እንጀራውን በፀሐይ አድርቃችሁ በደረቅ ከረጢት ቋጥሩት። እርሱም በምሽጉ ውኃ አርከፍክፎ በበርበሬ ሲፈተፍተው፣ የሚቀምሰው እህሉን ብቻ ሳይሆን ቤቱን መሆኑን ዕወቁ።