የጀልባ ሞተር በመርሳ

መርሳ የሐይቅ አገር አይደለችም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በወንዝ ዳር ያለውም ገበሬ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በመሳቢያ ሞተር ያጠጣል። የእኔም ሥራ ይህንኑ መሳቢያ ማደስ ነው። ስለዚህ ከሐይቅ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ በጭነት መኪና ላይ ተጋድሞ አንድ የጀልባ ሞተር ከደጄ በወረደ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው ተሰበሰበ። አንዱም «ይህ ደግሞ በየትኛው ባሕራችን ሊሄድ ነው?» ብሎ አሳቀን።

ባለቤቱ ዓሣ በማስገር ቤተ ሰባቸውን ያስተዳደሩ ሽማግሌ ናቸው። የሐይቅን ባሕር አንባቢ ያውቀዋል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ባሕሩ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ነፋስ በተነሣበት ጊዜም በመቅዘፊያ ብቻ ወደ ዳር መመለስ ለሽማግሌ ጉልበት ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ እኒህ ሰው ሞተሩን ከጀልባቸው ነቅለው፥ በጆንያ ጠቅልለው፥ ከጭድ በታች ደበቁት። ዘራፊ አላገኘውም፤ ዝገት ግን አገኘው። ከሆዱ ሳይወጣ የቀረው ውኃ በጨለማ ተቀምጦ ሥራውን ሠርቷል።

በኋላ አውጥተው ቢያስነሡት ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን ከጐኑ ሊፈስ የሚገባው የማቀዝቀዣ ውኃ አልፈሰሰም። እንዲህ ያለ ሞተር በውኃ ካልቀዘቀዘ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቃጠላል። ውኃውን ከባሕር የሚስበው በኮከብ መልክ የተሠራ አንድ ጎማ ነው፤ ጎማውም ሳይሠራ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ክንፉ እንደ ታጠፈ ደርቆ ይቀራል። ይህን ጎማ ለመለወጥ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል፥ እግሩን ልበለውና፥ ከወገቡ መለየት ግድ ነው። እግሩ ግን አልለይም አለ።

የጀልባ ሞተርን አይቶ ለማያውቅ ሰው አሠራሩን በአጭሩ ልንገር። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1909 በአሜሪካ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ መልኩ እጅግም አልተለወጠም። ከላይ ሞተሩ ይቀመጣል፤ ከመካከሉ ረጅም የብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከታች በእግሩ ውስጥ ጥርሳሞች መንኰራኵሮች የዘንጉን ዙር ወደ ጐን አዙረው ለማሽከርከሪያው ክንፍ ይሰጡታል። የዘንጉ ራስ በዙሪያው ጥርስ ተቀርጾለት ከሞተሩ እምብርት ይሰካል እንጂ በብሎን አይታሰርም። ያ ኮከብ ጎማም ዘንጉን ታቅፎ ከእግሩ አናት ላይ ይቀመጣል።

(ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያስገርመኛል። ብሎን፥ ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸው፤ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየበት ዘመን ያሠራውም መንገድ በመርሳ ያልፋል። ባለ መንገዱ ሄዷል፤ ቃሉ ግን ዛሬም በየጋራዡ ሲጠራ ይውላል።)

ሽማግሌው ሞተሩን ባስረከቡኝ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ቀለሙ ቢላጥ ግድ የለኝም፤ አጥንቱን ብቻ አትስበርብኝ» አሉኝ። ቃላቸው የባለ ሙያ ቃል ነበረ። የእግሩ ቤት ከአሉሚኒየም የፈሰሰ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ የዚህን ያህል ላረጀ ሞተር ምትክ እግር ማግኘት ሌላ ሞተር ከማግኘት አይቀልም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ሞክሮት ኖሮ በመጋጠሚያው ላይ ካቻቢቴ እየሰካ ጐልጕሎታል፤ የብረቱ ጥርስ በአሉሚኒየሙ ላይ እንደ ዐይጥ ንክሻ ይታይ ነበር።

እኔ መዶሻ ከማንሣቴ በፊት የት እንደ ተያዘ መፈለግ ጀመርሁ። በዚህኛው ሞተር እግሩን የሚይዙት ብሎኖች ስድስት ናቸው። አምስቱ በግልጽ ይታያሉ፤ ስድስተኛው ግን ከማሽከርከሪያው በላይ ባለች ትንሽ ክንፍ ሥር ተሸሽጓል፥ ክንፏ ካልተፈታች አይታይም። በካቻቢቴ የታገለው ሰው ይህን ብሎን አላገኘውም ነበር። ደግሞም ማርሹን የሚለውጠው ቀጭን ዘንግ ከላይኛው ክፍል ጋር የሚያያዝበት ቦታ አለ፤ ያንን ሳይፈቱ እግሩን የሚስቡ ሰዎች ዘንጉን ያጣምሙታል።

ብሎኖቹ ራሳቸው ቀላል አልነበሩም። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች እርጥበት መካከላቸው ገብቶ ሲነካኩ ደካማው ለብርቱው ይበላል፤ የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ሲቀመጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ከመበላቱም የሚወጣው ነጭ ዱቄት ብሎኑን ከቤቱ ጋር እንደ ኖራ ያጣብቀዋል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ በሞተሩ እግር ላይ የዚንክ ቍራጭ ይለጥፋሉ፤ ዚንኩ በአሉሚኒየሙ ፈንታ እንዲበላ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ግን ዚንኩ አልቆ የቀረው ቦታው ብቻ ነበረ።

ስለዚህ ቀጭን ዘይት በየብሎኑ ሥር እያንጠባጠብሁ ሦስት ቀን አቈየሁት። ጥዋትና ማታ እያንዳንዱን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጌ እመታለሁ፤ ይህም ለመስበር አይደለም፤ ዘይቱ በንዝረት መንገድ እንዲያገኝ ነው። ሽማግሌው በየቀኑ ይደውሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ እንቍላል ግን ችግሩ እግሩ ላይ ነው» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ እሳቱ ሄድሁ። ቤንዚኑን አስቀድሜ ከቤት አስወጥቼ፥ የተረፈውን ዘይት በጨርቅ ጠርጌ፥ ነበልባሉን በብሎኑ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አሉሚኒየም ላይ አዞርሁት። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለ ሆነ ቤቱ ሲሰፋ ብሎኑ ቦታ ያገኛል። ሙቀቱን በውኃ ጠብታ እለካለሁ፤ ጠብታዋ ጭስ ብላ ስትጠፋ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ብሎኑን በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፥ ቀጥሎ ወደ መፍታት፥ ደግሞ ወደ ማጥበቅ መመላለስ ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስገድድ ሰው ራሱን ይቈርጠዋል። አምስቱ በዚህ መንገድ ወጡ፤ የተሸሸገው ስድስተኛው ግን እስከ ማታ ድረስ አታገለኝ፤ በወጣም ጊዜ ጥርሱ ግማሹ ተበልቶ ነበረ።

እግሩ አሁንም አልወረደም። ነገር ግን ሲሳብ አንድ ጣት ያህል ተከፍቶ ተመለሰ። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ብሎን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ መጋጠሚያው በአንድ ወገን ብቻ ይከፈት ነበር። ዙሪያውን እኩል ከተከፈተ የያዘው ዘንጉ ነው ማለት ነው፤ ይኸውም የዘንጉ ራስ ከሞተሩ እምብርት ጋር ዝጓል። ከወይራ እንጨት አራት ሽብልቅ ጠርቤ በሁለቱም ጐን ፊት ለፊት አስገባሁ። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም አሉሚኒየምን እንደ ብረት አያቈስልም። የቀኙን አንድ ጊዜ፥ የግራውን አንድ ጊዜ እየመታሁ፥ ረዳቴ ደግሞ ከላይ ያለውን ትልቁን መንኰራኵር ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጥቂት እያወዛወዘ፥ ክፍተቱ ሳይጣመም ሰፋ። ባምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ የሚጮኽ ድምፅ ሰማን፤ እግሩም ከነዘንጉ በእጄ ላይ ወረደ። ረዳቴ የተሰበረ መስሎት ፊቱ ጠቈረ። ምንም አልተሰበረም።

ኮከቡ ጎማ እንደ ተጠበቀው ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ታጥፈው እንደ ጠፍር ደርቀዋል። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ መጋጠሚያውን አጸዳሁ፤ የጥርሳሞቹንም መንኰራኵሮች ዘይት አፈሰስሁ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢሆን ውኃ ገብቷል ማለት ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ወረደ፥ ደስም አለኝ። አዲስ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ የሚሞላ ሰው አየር ከውስጥ ያስቀርበታል።

መልሶ መግጠሙን እንደ ቀላል የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ጊዜዬን የሰጠሁት ለዚሁ ነው። የዘንጉን ጥርሶች በጐናቸው ግሪስ ቀባኋቸው፤ አናቱን ግን ደረቅ ተውሁት፥ በአናቱ ላይ የተከመረ ግሪስ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋልና። ብሎኖቹንም ሁሉ ግሪስ አጠጣኋቸው፤ የተበላውን ስድስተኛውን በአዲስ ለወጥሁ፤ በዚንኩም ቦታ ሌላ ዚንክ አሰርሁ። ይህ ሞተር ከጥቂት ዓመት በኋላ ለኮከቡ ጎማ ሲል እንደ ገና መከፈቱ አይቀርም፤ የሚከፍተውም እኔ ላልሆን እችላለሁ።

ሐይቅ በሌለበት ከተማ የጀልባ ሞተር የሚፈተነው በበርሜል ነው። ውኃ ሞልተን፥ እግሩን ነክረን፥ ገመዱን ሳብን። በአራተኛው ስበት ተነሣ፤ ጥቂትም ቈይቶ ከጐኑ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ውኃ እንደ ክር ወጣ። ሽማግሌው ከሐይቅ መጥተው በአጠገቡ ቆመው ነበር። እጃቸውን ከውኃው ሥር አድርገው ሙቀቱን ለኩ፤ ለብ ያለ ነበረ። ከዚያም ሞተሩን አጥፋው ሳይሉኝ ብዙ ቈዩ።