ያቺ የሦስት መስመር ዜና

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። «ልጅ እናቱን ገደለ» የሚል ወሬ ደረሰኝ። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ ቀኑንና ቦታውን ያዝኩ፣ ሦስት መስመር ጽፌ ላክሁ። አንዲት የሰፈሩ ሴትዮ «ልጁ እኮ ከታመመ ቆየ፣ እናትየው ስንቱን በር አንኳኳች» ብላኝ ነበር። ቦታ አይበቃም ብዬ ተውኩት።

ያቺን ዜና ያስታወሰኝ የጂም ጎርደን ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። በ1945 የተወለደ አሜሪካዊ ድራም መቺ ነው፤ እንጀራው በየስቱዲዮው እየተጠራ ለሌሎች መምታት ነበር። በ17 ዓመቱ ከኤቨርሊ ብራዘርስ ጋር ጀመረ። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» ላይ አለ። የጆርጅ ሃሪሰን «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» ላይም አለ። የሂፕ ሆፕ ሰዎች እየቆረጡ ሲጠቀሙበት የኖሩት የ«አፓቺ» ድራምም የእሱ ነው።

በ1970 ከኤሪክ ክላፕተን ጋር «ላይላ»ን ሠራ። የዘፈኑ መጨረሻ ላይ ያለው ፒያኖ በእሱ ስም ተመዘገበ። የዚያን ጊዜ ፍቅረኛው የነበረችው ዘፋኟ ሪታ ኩሊጅ ግን «ዜማውን አብረን ነው የሠራነው፣ ስሜ ተዘለለ» ትላለች። በዚያው ዓመት በቡጢ መትቷታል፤ ይህንንም ራሷ ጽፋዋለች።

ከዚያ ድምፅ ይሰማው ጀመር። አብዝቶ የሚሰማው የእናቱን ድምፅ ነበር። መጠጡና አደንዛዥ ዕፁም ተጨመረበት። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ሰኔ 1983 እናቱን ኦሳ ጎርደንን ገደላት። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት መሰከሩ። ካሊፎርኒያ ግን የአእምሮ ሕመም መከላከያን የሚያጠብ ሕግ ገና ማውጣቷ ነበርና አላዳነውም። ከ16 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ1993 «ላይላ» ግራሚ ስታገኝ ሽልማቱ የእሱም ነበር፤ እሱ ግን እስር ቤት ነው። መጋቢት 2023 በ77 ዓመቱ እዚያው እስር ላይ ሞተ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገጥመን አንዱን መርጠን መገላገል እንወዳለን፤ ወይ «ሊቅ ነበር» ወይ «ነፍሰ ገዳይ ነው»። «ሊቅ» ስንል ኦሳና ሪታ ይጠፋሉ። «ገዳይ» ብለን ስናቆም ደግሞ ሕመሙ ይጠፋል፤ የታመመ ልጅ ይዘው ዛሬ በየቤቱ የሚጨነቁ እናቶችም አብረው ይጠፋሉ። ሕመሙን መናገር ደሟን ማቃለል አይደለም። ለሚቀጥለው እናት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

እኔ ያንን ማስጠንቀቂያ በእጄ ይዤ ነበር። የሴትዮዋን ቃል ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፣ ቸኩዬ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ፣ ከታች በስድብ ከመረባረባችሁ በፊት «ከዚያ ቀን በፊትስ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁን። እኛ ጋዜጠኞች ካልተጠየቅን እንዘላለን።