ስለ ጉራግኛ እግር አመጣጥ

በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሽ የሚሰማው ዘፈን፣ ማንም ጉባኤ ተቀምጦ ባይደነግገውም፣ እንደ ማኅሌት ሥርዓት የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚዘፈነው ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ አይዘፈንም፣ ጉራግኛውም ሰው ሁሉ በልቶና ጠጥቶ ከረባቱን ጥቂት ካላላ በኋላ ካልሆነ በቀር አይጀመርም። በተጀመረ ጊዜ ግን እስከዚያች ደቂቃ ጉልበቱን ሲያሽ የቆየው የሙሽራዪቱ አጎት፣ ሐኪም ደረጃ እንዳይወጣ የከለከለው ጡረተኛ፣ ገና ስሙን መጻፍ ያልቻለው ሕፃን፣ ሁሉም በአንድነት ይነሣሉ፤ ከመካከላቸው የጉራጌ ተወላጅ የሆነው ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠየቅም መልሱ ለጭፈራው የሚጨምረው ነገር አይኖርም።

የአገራችንን ጭፈራ በሰውነት ክፍል ለመደልደል የሞከረ ሰው ቢኖር፣ ትከሻውን ለሰሜኑ፣ ወገቡን ለወላይታው፣ እግሩን ለጉራጌው መስጠቱ አይቀርም፤ ድልድሉም ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በወረብ ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጽናጽላቸውን እያንሿሹ፣ በእርጋታ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ላየ ሰው፣ የሰሜኑ ዘፈን ከማኅሌቱ ብዙ እንዳልራቀ ይገባዋል። ጉራግኛው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው፤ ክንዱን በክርኑ አጥፎ፣ ጉልበቱን አንሥቶ፣ መሬቱን በፈጣን እግር እየደበደበ፣ ከቆመበት ስንዝር ሳያልፍ እስኪያልበው ድረስ የሚሮጥ ሰው ማለት ነው። ወዴትም ለማይደርስ ሰው ይህን ያህል መቸኰል ምን አመጣው? ይህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ስለ ኖረ፣ መልስ አለኝ የሚለውን ሁሉ ስሰማ ኖሬአለሁ።

አንዱ መልስ ነጋዴነቱ ነው ይላል፤ ጉራጌ ገበያ እንዳያመልጠው መሮጥ ስለ ለመደ በደስታውም ጊዜ መሮጡን አልተወም የሚል የካፌ ጨዋታ ነው። ይህን የሚያወራ ሰው ታሪኩን በቅጡ አልመረመረም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀብዱ ሜዳ ላይ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ከምኒልክ የጦር አለቃ ከራስ ጎበና ጋር ከተዋጋ ወዲያ፣ አገሩ ወደ ምኒልክ ግዛት ገብቶ ግብር ሲጣልበት፣ የጉራጌ ወጣት ያን ግብር ለመክፈል ወደ አዲሲቱ ከተማ ሲወጣ መጀመሪያ የያዘው ሚዛን ሳይሆን ዶማ ነበር፤ ጉድጓድ ቈፈረ፣ መንገድ ጠረገ፣ ሸክም ተሸከመ። መርካቶን መርካቶ ያደረገው ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። እግሩ ግን ከሱቁ በፊት የነበረ ነው፤ የቀደመውን ነገር በኋለኛው መተርጐም ደግሞ ከሐተታ ወግ ውጭ ነው።

ሁለተኛው መልስ የሙዚቀኞቹ ነው። የክቡር ዘበኛና የሌሎቹም የሙዚቃ ጓዶች ሳክስፎንና አኮርዲዮን ይዘው ጉራግኛውን ባያፈጥኑት ኖሮ የአዲስ አበባን ሰው እንዲህ አይለክፈውም ነበር ይላሉ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለበት። በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ሲጠርግ አድጎ፣ በአሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ሲሠራ፣ ዘፋኙ ሳይመጣ በቀረበት ምሽት ወደ መድረክ ወጥቶ ተሰምቶ ወደ ክቡር ዘበኛ ጓድ መግባቱ የታወቀ ታሪክ ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከቤታቸው የሰሙትን ምት ለማያውቀው ከተማ አስተማሩት፤ ይሁን እንጂ እነርሱም የተቀበሉትን አስተላለፉ እንጂ አልፈጠሩትም፤ በከበሮና በጭብጨባ፣ በአውጪና በተቀባይ የሚዘለቀው ዘፈን አኮርዲዮን ከመምጣቱ በፊትም ሰው ሲያስነሣ ኖሯል።

እኔ በበኩሌ አንድ የራሴ አሳብ ነበረኝ፤ እርሱም ጀፎረ ነው። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የዘለቀ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ሣር የለበሰ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ብዙ ፈረሰኛ ጎን ለጎን ሊሰለፍበት የሚችል የመንደር አደባባይ ሲሆን፣ ቤቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ወዲያ ባሕር ዛፉ ይቀጥላል። ሠርግ በጀፎረ፣ ለቅሶ በጀፎረ፣ ሽምግልናው በጀፎረ፣ የመስቀል ጭፈራ በጀፎረ ነው። ከብቱም ይግጥበታል፣ ልጁም ኳስ ይጫወትበታል። ወሰኑን ለመግፋት የሚሞክር ጐረቤት ቢገኝ ዳኝነቱ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚለው፣ ክስታኔም ጎርደና ሴራ የሚለው ያልተጻፈ ሕግ፣ ስለ ደምና ስለ ጋብቻ እንደሚፈርድ ሁሉ ስለዚህ ሣርም ይፈርዳል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የሚያስደንቀው ነገር ስፋቱ ብቻ አይደለም። የጉራጌ ምድር ሕዝብ እጅግ ከሚጨናነቅባቸው የአገራችን ገጠሮች አንዱ ነው፤ እንሰት በጥቂት መሬት ብዙ ሰው ስለሚመግብ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይኖራል፤ ለልጅ የሚቈረስ መሬት በማለቁም ነው ልጁ ወደ ከተማ የሚሰደደው። እንዲህ መሬት የጠበበው ሕዝብ ታዲያ ከሁሉ የሚሻለውን፣ በየቤቱ ደጅ ያለውን ለም መሬት፣ አንድ እግር እንሰት ሳይተክልበት ባዶውን ትቶታል። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል መርማሪ በእኛ 1950 ዓ.ም. ገደማ በቸሃ ተቀምጦ አጥንቶ፣ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መጽሐፍ አወጣ፤ አልተሳሳተም። እኔ ግን ተጠይቄ ቢሆን፣ እንሰት ያልተከለበትን መሬት በርእሱ ላይ እንዲያስገባው እለምነው ነበር። የዚያው አገር ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈውና በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው የሺንጋ ቃያ፣ ቃያውን ማለትም መንደሩን ራሱን ባለታሪክ ማድረጉም በከንቱ አይመስለኝም።

ሆኖም ጀፎረውን ከገነት ጋር እንዳናመሳስለው እንጠንቀቅ። በሣሩ ላይ አብረው የጨፈሩ ሁሉ በሸንጎው ዛፍ ጥላ ሥር አብረው አልፈረዱም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የሴቶችን አቤቱታ ይዛ በየጆካ ሸንጎ ፊት የቆመችው፣ ሰፊው አደባባይ ለሁሉ እኩል ሰፊ ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነበር፦ ጉራጌው በጀፎረ ላይ ወደ ፊት እየሮጠ የሚጨፍረውን ጭፈራ ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ ሲያድር ግን ወደ ፊት የሚሮጥበት ስፍራ አጣ፤ ስለዚህ ሩጫውን ሳይተው እርምጃውን ብቻ ተወው። አሳቡ ያማረ ስለ መሰለኝ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፣ የተቃወመኝም አልነበረም።

የተቃወመኝን ያገኘሁት በአታት ነው። አታት ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ከጉብሬ ብዙ ሳይርቅ ያለች ሥፍራ ስትሆን፣ ስሟን ያስጠራላት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የካቶሊክ መነኮሳይያት የሕክምና ማኅበር ያቋቋመው ሆስፒታል ነው። በዚህ ሆስፒታል ግቢ መውለጃቸው የቀረበና ሐኪም የሚሰጋላቸው እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቀመጡበት መቆያ አለ፤ ስንቃቸውን ከቤታቸው አስመጥተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ቡና አፍልተው፣ ከማያውቋት ሴት ጋር ጐረቤት ሆነው ይሰነብታሉ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ፍሬው ተቈጥሯል፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ ከወለዱት ከ24,000 የሚበልጡ እናቶች 6,805ቱ በመቆያው ያለፉ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል የሞቱት ከ100,000 ሲሰላ 90 ያህል፣ በመቆያው ሳያልፉ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። መንገድ ርቆባት በቃሬዛ ከምትመጣው ይልቅ ቀድማ መጥታ ከሰው ጋር የተቀመጠችው ተረፈች ማለት ነው።

ከግቢው ውጭ በጥላ ሥር ተቀምጠው ያገኘኋቸው ሽማግሌ ምራታቸው በዚያ መቆያ ውስጥ ነበረች። በወጣትነታቸው ብዙ ዘመን መርካቶ የሠሩ ስለ ሆኑ አማርኛቸው ከእኔ የማያንስ ነው፤ ጨዋታ ሲጀመር እኔም እንደ ልማዴ የእግሩን አመጣጥ አወራኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ በጀፎረ ላይ ሲሮጥ የሚታይ ፈረስ ነው፤ ሰው የሮጠ እንደ ሆነ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል» አሉኝ።

«ታዲያ ጭፈራው፣ አባባ?» ብላቸው፣ «ጭፈራ ሩጫ ነው ያለህ ማን ነው? የእኛ ጭፈራ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከበሮው ሲሞቅ ይሞቃል። አንተ ያየኸው አዳራሹን በሰዓት የተከራዩትን ነው፤ እነርሱን ያስቸኰላቸው ሰዓቱ ነው» አሉ።

እንዲህ አድርገው አሳቤን ከናዱት በኋላ ግን ሜዳ ላይ ጥለውኝ አልሄዱም፣ የራሳቸውን ሰጡኝ። በመስቀል ሰሞን፣ የልጆቹ እሳት ደንጌሳት ነድዶ፣ የጐመን ክትፎው ተበልቶ፣ በሬው ታርዶ፣ ከከተማ የመጣው ሁሉ በጀፎረ ሲሰበሰብ፣ ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ የከረመ ልጅ እግሩ አለመፍዘዙን ለአባቱ ማሳየት ነበረበት፤ «ገንዘብ ማምጣቱን ኪሱ ይናገራል፣ የእኛው ሆኖ መመለሱን ግን እግሩ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ከኖረው ይልቅ የመጣው ይበረታል፣ የኖረውም እንዳይበለጥ ይበረታል፤ በእኔ ዕድሜ እንኳ ፈጠነ» አሉኝ። እስላሙ ልጅም ለዐረፋ ሲመጣ ነገሩ ይኸው መሆኑን ጨመሩልኝ።

ይህን ሳሰላስል የጠበቅሁት ነገር በከፊል የተገለበጠ መሆኑ ገባኝ፤ እኔ ስደት ጭፈራውን ቆርጦ አሳጠረው ስል፣ እርሳቸው ስደት አፈጠነው አሉ። ስደቱ ያፈጠነው ደግሞ እግሩን ብቻ አይደለም። እድርን በአዲስ አበባ የጀመሩት የጉራጌ ስደተኞች ናቸው የሚለው አስተያየት በመርማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በባዕድ ከተማ የሞተ ሰው ጀፎረ የሌለው ሬሳ ስለ ሆነ፣ ቀባሪና አስተዛዛኝ በመዋጮ ሊተካለት ግድ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽም እነዚሁ የከተማ ልጆች ከሱቃቸው እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅቶችን አቋቁመው፣ አንዱን በወልቂጤ በኩል፣ ሌላውን ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ እስከ ወላይታ ሶዶ አስጠረጉት። በመስቀል ቶሎ ለመድረስ አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

ይህንኑ ለሽማግሌው ብነግራቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ።

«ለመሆኑ በአንተ ሠፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑን የት ትተክላላችሁ?»

«ከመንገዱ ላይ ነው፣ አባባ፤ እድርተኛው አስፋልቱን በድንጋይ ይዘጋዋል።»

«መኪናውስ?»

«በሌላ በኩል ይዞራል።»

«ሾፌሩ አይቈጣም?»

«ይቈጣል፤ ድንኳኑን ሲያይ ግን ዝም ብሎ ይዞራል።»

«እንግዲያውስ ጀፎረ አላችኋ፤ የእናንተው ሦስት ቀን ነው እንጂ» አሉና፣ የምራታቸውን ስንቅ ይዞ ዘግይቶ የደረሰውን ልጅ ሊቈጡ ተነሡ።