ቢጫዋ መብራት

ቡራዩ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ላፕቶፔ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብቻ አራት ጊዜ ቻርጅ ማድረጉን አቋረጠ። ጎኑ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ድንገት ትጠፋለች፤ ገመዱን ነካ ሳደርገው ትመለሳለች። ባትሪው አርጅቷል፣ ያለ ገመድ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው። በወሩ መጨረሻ የማስረክበው የትርጉም ሥራ ገና ግማሹ ላይ ነው። እማዬ ምጣድ ጥዳ ስለነበር አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ነበር፤ መብራቱ አቅም አጥቶ ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ጥቅምት 11

እማዬ ጋገረች፤ ላፕቶፑም ማቋረጡን ያዘ። እሑድና ሰኞ ግን አንዴም አላቋረጠም። ጥፋተኛውን ያገኘሁ መሰለኝ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት እና ከዚያ በላይ ይስባል፤ የእኔ ቻርጀር 65 ዋት ነው። ሃምሳ እጥፍ ገደማ! በስልክ ካማከርኳቸው ሁለት ሰዎች አንዱ "ባትሪ ቀይር"፣ ሌላው "ቦርዱ ሄዷል" አሉኝ። ሁለቱም ላፕቶፑን በዓይናቸው አላዩትም።

ረቡዕ ጥቅምት 12

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎረቤታችን ቴስተራቸውን ይዘው መጡ። ሶኬቱን ሲለኩት 218 ቮልት ነበር፤ ምጣዱን አስበርተው ሲለኩት 187 ወረደ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ቻርጀሩን ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስነበቡኝ፦ መግቢያ ከ100 እስከ 240 ቮልት። "ለዚህ 187 ምኑም አይደለም። ፍሪጅ ቢሆን እሰጋ ነበር" አሉ።

ዓይናቸው ያረፈው ቻርጀሬን የምሰካበት ዲቫይደር የተሰካበት ሶኬት ላይ ነው። ስፒናው ይላወሳል፣ ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ የአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ጠቁሯል። የላላ ሶኬት ውስጥ ውስጡን እየፈነጠቀ ይግላል፤ ቤት የሚያቃጥለው እንዲህ ያለው ነው። ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ዘግተው ሶኬቱን በአዲስ ቀየሩልን። ስንት ወር ከጎኑ እንደተኛሁ ሳስበው አሁንም ይሰቀጥጠኛል።

ሐሙስ ጥቅምት 13

ሶኬቱ አዲስ ነው፤ ምጣድ አልተጣደም። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ሳርም መብራቷ ጠፋች።

ይህን ማስታወሻ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እማዬ ስትጋግር ሊጡና ሰፌዱ ጠረጴዛዬን ይይዙታል፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እሠራለሁ። እሑድና ሰኞ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማለት፣ የሚያቋርጠው ምጣዱ ስለተጣደ ሳይሆን እኔ ቦታ ስለቀየርኩ ነው።

ሱሉልታ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15

ቻርጀር ተለዋውጠን ለመሞከር ተመሳሳይ ቻርጀር ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ እኔ በማውቀው የታክሲ መንገድ ግን ከቡራዩ ሱሉልታ ለመድረስ በአስኮ፣ በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ አድርጎ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። ከጣና በለስ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው እዚህ ሱሉልታ ነው። ያንን የሚያህል ኃይል መጥቶ መጥቶ ላፕቶፔ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ከመሰካታችን በፊት ጽሑፉን አስተያየን፦ ሁለቱም 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር። ቮልቱ የግድ አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ላፕቶፑ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ ያገኙትን ቻርጀር መሰካት ግን ስንት ማሽን አበላሽቷል። የእነዚህ ቻርጀሮች ጫፍ መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው። ከተሰበረች ላፕቶፑ በገመድ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። የእኔዋ ቀጥ እንዳለች ናት።

የእሱ ቻርጀር እኔ ላፕቶፕ ላይ፣ ዘንበል ሳደርገው አቋረጠ። የእኔ ቻርጀር እሱ ላፕቶፕ ላይ፣ ገመዱን ብንወዘውዘውም አንድ ሰዓት ሙሉ አላቋረጠም። ቻርጀሬ ጤነኛ ነው።

ሰበታ፣ ሰኞ ጥቅምት 17

እህቴ የጠቆመችኝ ጠጋኝ ዓለም ገናን አለፍ ብሎ ነው ሱቃቸው። ድሮ ሬዲዮ ነበር የሚጠግኑት። ካቻቢቴ ሳያነሱ፣ "መቼ መቼ ነው የሚቋረጠው ልጄ?" አሉኝ። ማስታወሻዬን አነበብኩላቸው።

"ጃኩ ነው" አሉ።

ሲከፍቱት መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀሉ፤ ኃይል ያለበት ቦርድ አይነካም አሉ። ቀጥሎ ቦርዱን አውጥተው አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝ። ቻርጀሩ የሚገባበት ጃክ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ከእግሮቹ የአንደኛው ብየዳ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተከቧል። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን እግሩ ብየዳውን ይነካዋል። ጭን ላይ ሲሆን ገመዱ በክብደቱ ጃኩን ወደ ታች ይስበዋል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ቢጫዋ መብራት ትጠፋለች። የድሮውን ብየዳ ጠርገው አዲስ በየዱበት። የከፈልኩት የአዲስ ባትሪ ዋጋ ሲሶ አይሞላም። ባትሪ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እሱም በዚያው ስንጥቅ ጦሙን ያድር ነበር።

ቡራዩ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 22

እማዬ ዛሬም ጋገረች። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራሁ፤ መብራቷ አንዴም አልጠፋችም። ገመዱ እንዳይስበው ግን ከአሁን በኋላ ትራስ ላይ አሳርፈዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዲቫይደራችሁ የተሰካበትን ሶኬት ፕላስቲክ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። ከሞቀ፣ ነቅላችሁ ነገ አስቀይሩት።