የእቴቴ ብሎን

ነገሩ የጀመረው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ እግር ነው።

አትደንግጡ! እውነተኛ እግር አይደለም። አክስታችን እቴቴ የምትኖረው ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ፣ ቡናው ከነጥላ ዛፉ ቁልቁል በሚወርድበት አንድ ተዳፋት መንደር ነው። ባለፈው ዓመት ለመስቀል ልንጠይቃት ስንሄድ፣ ከስንት ልፋት በኋላ አዲስ አበባ ድረስ አምጥተን ያሠራንላት የእግር ድጋፍ ከደረቀ የኮረሪማ ዛላ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። አቧራ ለብሷል። ቺንጊያው ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች። እቴቴ ደግሞ እንደ ድሮዋ በግራ እጇ ጭኗን እየተጫነች፣ እያነከሰች፣ ቡና ልታፈላልን ጉድ ጉድ ትላለች።

እኛ (ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ሁለታችንም የሚዛን ልጆች፣ ሁለታችንም አሁን «የአዲስ አበባ ሰዎች») ምን አደረግን መሰላችሁ? ተቆጣን! ያ ሁሉ ገንዘብ! ያ ሁሉ መንገድ! በቦንጋና በጅማ አድርጎ ወደ 560 ኪሎ ሜትር፣ አውቶቡስ ውስጥ ያ ሁሉ መንገጫገጭ! ለዚህ ነበር እንዴ?

እቴቴ ጨርሰን እስክንናገር ጠበቀችን። ከዚያ ጀበናውን ከእሳቱ ላይ እያወረደች፣ «እሱ እናንተ ቤት ድጋፍ ነው፤ እኔ ቤት ግን እግረ ሙቅ ነው» አለች።

መጀመሪያ ሳቅን። እግረ ሙቅ እኮ የእስረኛ ብረት ነው። ሰው እንዳይሄድ የሚታሰርበት ነገርና ሰው እንዲሄድ የሚደገፍበት ነገር እንዴት አንድ ይሆናል? መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጀብን። መልሱ ደግሞ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ አንድ ብሎን ላይ ነበር።

*

እቴቴን በልጅነቷ ያገኛት ፖሊዮ ነው። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ነው፤ እሰየው ነው። ቫይረሱ ሲሄድ ግን ያደከመውን እግር ይዞ አይሄድም። ፖሊዮ የሚጎዳው አከርካሪ ውስጥ ያሉትን ጡንቻ የሚያዝዙ ነርቮች ነው፤ እግሩ ይሰማዋል፣ ያማል፣ ይበርደዋል፤ መታዘዝ ብቻ ያቅተዋል። የእቴቴ ግራ እግር ላይ ሁለት ነገር ደክሟል። አንደኛ፣ የእግርን ጣቶች ወደ ላይ የሚያነሣው የቅልጥም ጡንቻ። ሁለተኛ፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ። ጭኗን በእጇ የምትጫነው ለዚህ ነው፤ እጇ የጉልበቷን ሥራ ይሠራል።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ጣቶቹ ከመሬት የሚርቁት ምን ያህል ይመስላችኋል? ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ሁላችንም በየእርምጃው ለጥቂት ነው የምንተርፈው! እግሩ ፊቱን ማንሣት ያቃተው ሰው ታዲያ በድንጋዩም በሥሩም ይደናቀፋል። የቡና ጫካ ደግሞ ሥር በሥር ነው።

*

ድጋፉ ይህን ለመከላከል የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ድርጅት መናገሻ ላይ ፖሊዮ ያገኛቸውን ሕፃናት ሲቀበል ኖሯል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም የአካል ተሃድሶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የድሮው ድጋፍ ሁለት ብረት በግራና በቀኝ አድርጎ ከቆዳ ጫማ ጋር የሚታሰር ነበር። የእቴቴ ግን ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ነው፤ በየሠርጉ ድንኳን ከምንቀመጥባት የፕላስቲክ ወንበር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። እግሯን በጀሶ ለኩ፣ ከጀሶው የእግሯን ቅርጽ አወጡ፣ ፕላስቲኩን በምድጃ አሙቀው ቅርጹ ላይ አለበሱት።

ሲያልቅ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ባቷን ያቅፋል፤ ሌላው ከተረከዟ ጀምሮ ከእግሯ ሥር ይገባል። ሁለቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በማጠፊያ ተገናኝተዋል። ማጠፊያ ካለው መታጠፍ አለበት፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ ደግሞ ድጋፍ አይሆንም። ስለዚህ ገደብ ይበጅለታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ገደብ ነው።

ከተረከዟ በላይ፣ ከኋላ በኩል፣ አንድ ብሎን አለ። እግሯ ፊቱን ወደ ታች ሊጥል ሲል ላይኛው ክፍል ብሎኑን ይገጨውና ይቆማል። እንደ በር መቀርቀሪያ በሉት። ብሎኑ ሲጠብቅ እግሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ሲላላ ትንሽ ይወርዳል። እዚያው ከኋላ አንድ ቺንጊያ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል ያያይዛል። ይሄ ደግሞ እንደ ላም ገመድ ነው፤ ቅልጥሟ ወደ ፊት ሲያዘነብል ይወጠርና «እስከዚህ ብቻ» ይላል። ጉልበቷ ድንገት እንዳይከዳት የሚይዛት እሱ ነው።

የእቴቴ ድጋፍ መጀመሪያ ሲሠራ ብሎኑም ቺንጊያውም 90 ዲግሪ ላይ ተጠብቀው ነበር። እግሯ ወደ ታችም ወደ ላይም ንቅንቅ የለም። አዲስ አበባ፣ የወርክሾፑ ልሙጥ ወለል ላይ፣ በሁለት ዘንግ መካከል ስትሄድ ብታዩአት! እጇን ከጭኗ ላይ አንሥታ ቀጥ ብላ ሄደች። እኛም አለቀስን።

*

መቼም ሚዛን ልሙጥ ወለል አይደለችም።

ቁልቁለት ላይ ተረከዝ መሬት ሲነካ የእግር ፊት ቀስ ብሎ ወርዶ መሬቱን መንካት አለበት። ብሎኑ እምቢ አለ። እግር መውረድ ካልቻለ ታዲያ ምን ይንቀሳቀስ? ቅልጥሟ ወደ ፊት ተወረወረ፤ የደከመው ጉልበቷ ታጠፈ፤ እቴቴ ከነቅርጫቷ ወደቀች። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ዳገት ላይ ደግሞ ቅልጥም ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። ቺንጊያው አልለቅም አለ። ተረከዟ ይነሣል ወይም ጉልበቷ ወደ ኋላ ይገፋል። በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ልትቀመጥ ስትል ግራ እግሯ እንደ አካፋ ወደ ፊት ተዘርግቶ ረከቦቱን ይመታል። መጸዳጃ ቤቱንማ ተዉት።

ጫማውም አለ። ድጋፉ ልኩ የወጣው ተረከዙ ትንሽ ከፍ ካለ ስኒከር ጋር ነበር፤ እኛው ከመርካቶ የገዛንላት። ያ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልበት ነው፤ ስኒከሩ በሁለተኛው ሳምንት ጭቃ በላው። እቴቴ ተረከዝ የሌለው የጎማ ጫማ አደረገች። ተረከዙ ዝቅ ሲል ድጋፉ በሙሉ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ብሎኑን ማንም ሳይነካው ልኩ ተለወጠ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በዚያ መስቀል፣ ቡናው እስኪደርስ ነው። እሷ ግን ከዓመት በፊት ታውቀው ነበር። ለምን አልነገርሽንም አልናት። «መች ጠየቃችሁኝ?» አለች።

*

አሁን ወደ ኑዛዜው እንግባ።

ያን ጊዜ ባለሙያው ጠይቆ ነበር። ጥሩ ባለሙያ ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ሲጀምር «የት ነው የምትኖረው? ሥራዋስ ምንድን ነው?» አለ። እቴቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኛ ቀደምናት። «ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው። እኛ ነን የምንረዳት» አልን።

ውሸት! እቴቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ቡና ትለቅማለች። በለቀማው ወቅት ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ በዚያ እግሯ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ቀይ ቀዩን መርጣ፣ ቅርጫቷን ሞልታ ትመለሳለች። እኛን ያስተማረን ደብተርና ጫማ የተገዛው ከዚያ ቅርጫት ነው። ታዲያ ለምን ዋሸን? አፈርና! አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ ሥራ ይዘን፣ የምታነክስ አክስታችን ገደል ለገደል ቡና ትለቅማለች ማለት ከበደን። ባለሙያው ደግሞ የነገርነውን ጻፈ። ቤት ለምትውል፣ ጉልበቷ ለደከመ ሴት፣ የሚሻለው እግሩን አጥብቆ መያዝ ነው። ትክክል ሠራ። ብሎኑ የጠበቀው በእኛ ውሸት ልክ ነበር።

እቴቴስ ለምን ዝም አለች? ይህንንም ጠየቅናት። «ሰው ፊት ላዋርዳችሁ?» አለችን። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

*

ከለቀማው በኋላ እንደገና ይዘናት ሄድን። በዚህኛው ጉዞ ሕግ አወጣን፦ ስለ እግሯ የሚጠየቀውን የምትመልሰው እሷ ብቻ። ባለሙያው ያው ሰው ነበር። እቴቴ ተናገረች፤ ደግሞም አሳየች። ወርክሾፑ መሐል በርጩማ አስመጥታ ቡና እንደምታፈላ ሆና ተቀመጠች። ቅርጫት እንደያዘች ሆና ጎንበስ አለች። የጎማ ጫማዋን ከፌስታል አወጣች። ባለሙያው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ ወደ ግቢው ይዟት ወጣ፤ እዚያ ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ ተዳፋት ነበርና ሲያስወጣት ሲያስወርዳት ዋለ።

ካቻቪቴ ይዞ ብሎኑን ግማሽ ዙር አላላ። ወረደች። ሌላ ሩብ ዙር። ወረደች፤ ጉልበቷ አልከዳትም። አንድ ዙር ሲሞላ ግን ጣቷ መሬቱን ጫረ፤ መለሰው። ቺንጊያውንም እንዲሁ ለቀቅ፣ ጠበቅ። ጨዋታው የገባን እዚያ ነው። ብሎኑ ሲላላ ቁልቁለቱ ይቀላል፤ የሥር እንቅፋቱ ግን ይቀርባል። ቺንጊያው ሲለቀቅ ዳገቱና በርጩማው ይገኛል፤ የጉልበቷ ዋስትና ግን ይቀንሳል። ሁሉንም የሚሰጥ ልክ የለም። አንዱን ስትወስድ አንዱን ትከፍላለች። ጥያቄው የሚከፍለው ማነው፣ የሚመርጠውስ ማነው ነው።

እቴቴ መረጠች። ጉልበቷን በትንሹ አሳልፋ ሰጥታ ዳገቱን ወሰደች፤ ለጉልበቷ ምትክ ዱላ ያዘች። ባለሙያው ከጎማ ጫማዋ ውስጥ ተረከዙን ከፍ የሚያደርግ ንጣፍ ጨመረላት። ብሎኑ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ፣ «ሲላላ እዚህ ምልክት ላይ መልሱት፣ ከዚህ እንዳታልፉ» አለን።

*

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የድጋፍና የሰው ሠራሽ አካል አገልግሎት መመዘኛ ሥራውን አራት ደረጃ አድርጎታል፦ ምርመራ፣ ሥራና ልክ ማውጣት፣ አጠቃቀም ማሠልጠን፣ ማስረከብና መከታተል። መከታተል! ለአዲስ አበባ ልጅ መከታተል ታክሲ ነው። ለእቴቴ ለአንድ ዙር ብሎን ደርሶ መልስ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ እዚያ ውስጥ በተቻለ መጠን ራስን ችሎ የመንቀሳቀስ መብት አለ። እኛ አሁን ያንን አንቀጽ ስናነብ የሚታየን ካቻቪቴ የያዘ ሰው ነው። ካቻቪቴውን ይዞ ሚዛንም ቴፒም ብቅ የሚል ሰው ቢኖር ብለን እንመኛለን።

መንግሥትንና ድርጅትን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ እንጠይቃለን። ግን የእቴቴን የመጀመሪያ ዓመት ያቃጠለው ርቀቱ ብቻ አልነበረም። ፈጥነን የመለስነው እኛ ነን። ጎበዝ፣ እናንተም ዘንድ አልጋ ሥር የተወረወረ ድጋፍ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እግር ካለ፣ «ሰነፍ ናት፣ ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ቁልቁለት ስትወርጂበት ምን ይላል? ዳገትስ? ዝቅ ብለሽ ስትቀመጪ? በየትኛው ጫማ? ከዚያ ዝም በሉና ስሙ።

እቴቴ ዘንድሮ ለቀማ ወጥታለች። መጸዳጃ ቤት ስትገባ አሁንም ትፈታዋለች፤ እዚያ ላይ መፍትሔ አልተገኘም። በዝናብ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ አታደርገውም። ሌላውን ቀን ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማር ባዶ ነው። ባለፈው ደውለን «ድጋፉ እንዴት ነው?» ስንላት፣ «ደህና ነው፣ እናንተስ ብሎናችሁ እንዴት ነው?» አለችን።

እያላላነው ነው፣ እቴቴ። ቸር ሰንብቱ።